ጣት የሚያሾልክ የዶሮ ቤት

አምቦ፣ ከልጅ ልጄ ጋር የዶሮ ቤት ልንገዛ በሄድንበት አናጺ በር ላይ አዲስ የተፈለጠ ባሕር ዛፍ ሸተተኝና ያደግኩባት ጌዶ፣ ልጅነቴ ውስጥ ገባሁ።

ዶሮዎቹ የእናቴ ነበሩ፤ የእኔ ደብተር የሚገዛው ከእንቁላላቸው ነበር። አባቴ ለበሬዎቹ ጥሩ ጋጣ ሠራ፤ በተረፈው ፍልጥ ደግሞ እንደነገሩ የዶሮ ቤት አቆመላት። እናቴ በክፍተቱ ጣቷን አሾለከች።

«ይሄ እኮ ሸለምጥማጥ ያስገባል።»

«ለዶሮ ደግሞ ቤት ሊመረጥ ነው?» ብሎ ሳቀባት።

በሳምንቱ ጠዋት ልከፍትላቸው ስሄድ ያገኘሁት ላባና ደም ነው። ከሰባቱ አንዷም አልተረፈች። እናቴ አላለቀሰችም። «ቤቱን የሚሠራው ዶሮ የሌለው ሰው ነው» አለች። ያኔ አልገባኝም። እኔ ከሦስተኛ ክፍል ቀረሁ፤ የወንድሞቼ ደብተር ከጤፉ ስለሚገዛ እነሱ ቀጠሉ። በዚህ አባቴን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም።

«አኮ፣ ይሄን ባሌ መርጦልኛል፤ ቀለሙ አያምርም?» አለችኝ የልጅ ልጄ ጫልቱ፤ እኔን አያቷን ከትዝታዬ መለሰችኝ። ዶሮዎቹ የራሷ ናቸው። ጣቴን በፍልጡ መሃል ሰደድኩት፤ እስከ አንጓው ገባ።

«ያንን ጥቅጥቁን ውሰጂ! ዶሮዎቹ ያንቺ አይደሉም እንዴ?»

«እሱ አንዴ መርጧል፣ አኮ። ይተዉት።»

ባሏ የመረጠውን ጫልቱና ባለባጃጁ ባጃጅ ላይ ጭነውት ሄዱ። ጣቴ ባሕር ዛፍ ባሕር ዛፍ ይሸታል።