ከአሶሳ ማርቆስ አንድ ሰዓት

ጂኦግራፊ ማስተማር አንድ መጥፎ ልማድ ያመጣል፤ የተጠየቁትን ሁሉ ወዲያው መመለስ። ማርቆስ ከተማ ተከራይቼ የምኖርበት ግቢ ባለቤት ጎህ ሲቀድ ያረፉ ዕለት ሽማግሌዎቹ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ "መምህር፣ ከአሶሳ እዚህ በአውሮፕላን ስንት ሰዓት ይፈጃል?"

አሶሳ የሚሠራው የሟች አንድያ ልጅ ነው። አባቱን ሳይቀብር ከቀረ ዕድሜውን ሙሉ ሲያንገበግበው እንደሚኖር ሁሉም ያውቃል። ካርታዬን አወጣሁ። አሶሳ ከእኛ ወደ ምዕራብ ቀጥ ብሎ ነው፤ በማስመሪያ ለካሁት፣ አባዛሁት፣ ሦስት መቶ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ግድም መጣልኝ። በመኪና ከሆነ ዙሪያ ጥምጥም ነው፣ አንድ ቀንም አይበቃው። "በአየር ግን ከአንድ ሰዓት አይበልጥም" አልኩ። "እዚያም ማረፊያ አለ፣ እዚህም አለ።" አልዋሽም፣ ደስ ብሎኝ ነው የተናገርኩት።

በሁለቱ መካከል አውሮፕላን ይበር አይበር ግን አልጠየቅኩም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና "አንድ ሰዓት" የምትለው ቃል ድንኳኑን አዳረሰች። የንስሐ አባታቸው ሰሙና፣ "እንዲያ ቅርብ ከሆነማ ልጁን መንገድ ላይ ምን ያስደነግጠዋል? መርዶ በስልክ አይነገርም። ትንሽ አሟቸዋል በሉት፤ ቤቱ ሲገባ እናረዳዋለን" አሉ።

አጎቱ ደወሉለት። "እሺ፣ በመጀመሪያው አውሮፕላን እመጣለሁ" አለ። ከዚያ በኋላ ስልኩ ዝግ ሆነ። ተሳፍሯል ማለት ነው ተባባልን።

ቀብሩ ለዘጠኝ ሰዓት ነበር። ወደ አሥር ተገፋ፤ ቀጥሎ ወደ አሥራ አንድ። ሮብ ገበያ ከሚባለው አገር የመጡ ዘመዶች መንገድ እንዳይመሽባቸው እየሰጉ ወደ ሰማይ ያንጋጥጣሉ። አንድ አዛውንት፣ "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" ብለው ጋቢያቸውን ተከናነቡ። ማንም አልሳቀም። ካህናቱ ከዚህ በላይ መጠበቅ ስላልቻሉ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቀበርናቸው።

ልጁ በማግስቱ ረፋድ ላይ ደረሰ። ለአባቱ ብርቱካን በፌስታል ይዟል። ድንኳኑን ሲያይ ማንም ሳያረዳው ገባው።

ለቅሶው ጋብ ሲል መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ካርታ የለካሁት እኔ መሆኔን ነግረውታል። አፈርኩ። እሱ ግን አልተቆጣም።

"ቀጥታ በረራ የለም፣ መምህር" አለኝ። "በአዲስ አበባ ዞሮ ነው። ስልኬም ከአጎቴ ጋር እንዳወራሁ ተበላሸብኝ። ትናንት አንዲት የመጨረሻ ወንበር ነበረች፤ በሷ ብመጣ ስምንት ሰዓት ላይ እዚህ ነበርኩ። ትኬት ቢሮው ውስጥ ከኋላዬ የቆመ ሰውዬ፣ አባቴ ሞቶብኝ ለቀብሩ ልድረስ እያለ ሲያለቅስ አንጀቴን በላው። የኔ አባት ትንሽ ነው ያመማቸው ብዬ ለቀቅኩለት።"