የነካኋት ንግሥት

ነገሩ ከሆነ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ሽንፈት እንኳ ይረሳል። እኔን ዛሬም ብቻዬን ስሆን ፊቴን የሚያቀላው ከሽንፈቱ በኋላ ከአፌ የወጣው ቃል ነው።

አምቦ ውስጥ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት እሠራለሁ። ቼዝ የተማርኩት በስልኬ ነው። አስተማሪ የለኝ፣ መጽሐፍ የለኝ፤ ኢንተርኔት በሠራ ቁጥር ከማላውቀው ሰው ጋር እየገጠምኩ፣ እየተሸነፍኩ ለመድኩት። ሦስት ዓመት እንዲህ ሲያልፍ ነጥቤ ከፍ አለ፣ ወሬዬም አብሮ ከፍ አለ። ዛሬ አንድ ብራዚላዊ አሸነፍኩ፣ ትናንት አንድ ህንዳዊ አሸነፍኩ እያልኩ ቢሮውን አሰለቸሁት።

የሠራተኞች የስፖርት ውድድር ጉደር ላይ ሊደረግ ሆነ። በቼዝ መሥሪያ ቤታችንን ስትወክል የኖረችው የሒሳብ ክፍሏ ሌንሳ ነበረች፤ ጨዋታውን ከአባቷ የተማረች ዝምተኛ ልጅ። እኔ ግን አለቃችን ዘንድ ገብቼ፣ እሷ የምትጫወተው ከቤተሰብ ጋር ነው፣ እኔ ከዓለም ጋር ነው አልኩ። አለቃችን ተስማማ። ሌንሳ ተጠባባቂ ሆና አብራን ሄደች።

በዕጣ የደረሱኝ ተጋጣሚ ኦቦ ገመቹ የሚባሉ ጸጉራቸው የሸበተ የግብርና ሠራተኛ ነበሩ። ጠጠሮቹን ከከረጢት ዘረገፉና ደርድር እንጂ አሉኝ። በዚያ ሁሉ ዓመት አንድም ቀን ደርድሬ አላውቅም፤ ስልኩ ደርድሮ ነው የሚጠብቀኝ። ንጉሡንና ንግሥቲቱን አቀያይሬ አስቀመጥኳቸው። ኦቦ ገመቹ አስተካከሉልኝ። ከኋላዬ ሰዎች ሲሳሳቁ ሰማሁ።

ጨዋታውን ጀመርን። ስልክ ላይ አንዱን ጠጠር ስነካ የሚሄድበት ቦታ ሁሉ ምልክት ያሳየኛል፤ ካልጣመኝ እሱን ትቼ ሌላውን እነካለሁ። እጄ የለመደው ይህንን ነው። ንግሥቲቱን ነካ አደረግኩና ትቻት ፈረሱን ላነሳ ስል ዳኛው አስቆመኝ።

«የነካኸውን ነው የምትጫወተው።»

ንግሥቲቱ በየትም ብትሄድ ትበላለች። ሄደች፣ ተበላች። ከዚያ በኋላ ጨዋታው ሻይ እስኪቀዘቅዝ እንኳ አልቆየም።

ኦቦ ገመቹ እጄን ጨብጠው፣ «ጃባዱ፣ በርታ። ገና መጀመርህ ነው አይደል?» አሉኝ። ለማጽናናት ነው።

ካፈርኩ አይመልሰኝ አልኩና፣ «አዎ፣ በዚህ ሳምንት ነው የጀመርኩት። መሥሪያ ቤታችን ቼዝ የሚችል ሰው ስለሌለው ነው እኔን የላኩኝ» አልኳቸው።

ዘወር ስል ሌንሳ ውሃ ይዛልኝ ቆማለች። ውሃውን ሰጠችኝ። ተቀበልኳት።

ስንመለስ መኪና ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠች። አምቦ ልንገባ ስንል፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ሰው ስለሌለ ነው ያልከው። እኔ የት ሄጄ ነው?» አለችኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ ነበር። በመስኮት ወደ ውጭ ማየት ጀመርኩ።

አሁን በምሳ ሰዓት ከእሷ ጋር በእንጨት ሰሌዳ እንጫወታለን። የምደረድረው እኔ ነኝ። ብዙውን ጊዜ ታሸንፈኛለች፤ ያንን ቀን ግን አንድም ጊዜ አንስታብኝ አታውቅም። ስልኬ ላይ ዛሬም አንዳንዴ አሸንፋለሁ፣ ለማንም አላወራም።

ይቅርታ ልላት ስንት ጊዜ አፌን ከፍቼ፣ «ተራሽ ነው» ብዬ ዘግቼዋለሁ።