የባቄላው ጽሑፍና ሁለቱ መጽሔቶች

እጄ መርፌ እንጂ ብዕር አልለመደም፤ ፊደል የሳትኩ እንደሆነ ይቅር በሉኝ። የምጽፈው ስለ ታናሽ ወንድሜ ነው። መምህር ነው፤ የባቄላ በሽታ ስለሚመራመር ሰው ሁሉ «ባቄላው» ይለዋል። ሱሪውን ልጠግን ስቀበል መጀመሪያ ኪሱን ነው የምፈትሸው። አንዴ እንዲያውም ሥር ያወጣ ፍሬ አግኝቼበታለሁ።

ባቄላን ከሥሩ ስለሚያበሰብሰው በሽታ ዓመታት የለፋበትን ጽፎ ለአንድ የምርምር መጽሔት ላከ። ካልታተመ ልፋቱ ሁሉ መና ነው። መልስ ግን ጠፋ።

አንድ እሁድ እኔ ቤት ምሳ ስንበላ ሚስቱ፣ «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ይባል የለ? ለሌላም ላከዋ!» አለችው።

«አይቻልም። አንድ ጽሑፍ በአንድ ጊዜ ሁለት ቦታ አይላክም። መጀመሪያ ከዚያኛው መውጣት አለበት።»

«ታዲያ አውጣዋ! በእንቅልፍህ እንኳ ባቄላ ነው የምትጠራው። አንድ ቀን የኔን ስም ብትጠራ ምን አለበት?»

ሳቅን። እሱ ግን በማግስቱ ለመጀመሪያው መጽሔት «ጽሑፌን ላውጣ» ብሎ ጻፈ፤ ወዲያው ለሁለተኛው «ጽሑፉ ሌላ ቦታ የለም» ብሎ ፈርሞ ላከ። መጠየቁን እንደ መውጣት ቆጥሮት ነው።

ሁለተኛው ቶሎ ወደደለት። ደስታው ሳይበርድ ግን ከመጀመሪያው መጽሔት ደብዳቤ መጣ፦ ጽሑፍህ በገምጋሚዎች እጅ ነው፤ መውጣቱን እኛ በጽሑፍ እስክናረጋግጥልህ ድረስ እኛው ዘንድ ነው።

ሚስቱን ይዞ ልብስ መስፊያ ቤቴ መጣና በርጩማው ላይ ዘጭ አለ።

«እትዬ፣ ሁለቱም ቢያትሙት ስሜ ጠፋ። ብናገር ደግሞ የወደደልኝን አጣለሁ።»

«ዝም በል፣ ማን ያውቃል?» አለች ሚስቱ።

«አንቺስ እትዬ? ደንበኛሽ ያንቺ ጠረጴዛ ላይ ያለውን ጨርቅ ለሌላ ሰፊ እሰጣለሁ ብሎ ቃል ቢገባ ምን ትይዋለሽ?» አለኝ ወንድሜ።

አፈርኩ፤ የተማረ ሰው እኔን ሲጠይቅ አፌ ይተሳሰራል። «እኔ ምን አውቃለሁ... መጥቶ ከነገረኝ እቆጣለሁ። ግን አላባርረውም» አልኩት።

እዚያው ቁጭ ብሎ ለሁለቱም እውነቱን ጻፈ።

ሁለተኛው ጽሑፉን ሰረዘበት፤ ግን የመውጫ ማረጋገጫው ሲደርስህ እንደ አዲስ ላክ፣ ከዜሮ ጀምረን እንገመግመዋለን አለው። ሚስቱ ይህን ስትሰማ፣ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለች።

«ደግሞ ሌላ ተረት! ያስፈሰሰኝ ያንቺ ተረት አይደል?»

ከመጀመሪያው መጽሔት ማረጋገጫው ሲመጣ ለሁለተኛው እንደ አዲስ ላከ፤ ከወረፋው ጭራ ተሰለፈ። በቀደም ሱቄ ሲገባ ፊቱ በርቷል።

«ተቀበሉህ?» አልኩት።

«ገና። ይህን አስተካክል፣ ያን ጨምር ብለው መልሰውልኛል።»

«ታዲያ ይሄ ምኑ ያስደስታል?»

«እትዬ ሙች፣ ከዳር እስከ ዳር አንብበውታል እኮ!» አለና፣ የተቀደደ ኪሱን እንድጠግንለት ሱሪውን ዘረጋልኝ።