ስልክ ሲረክስ ሥራ የፈታው ሾፌር

ዛሬ አንኮበር ላይ የሳተላይት ስልክ በእጄ ያዝኩ። ያሳየኝ አስጎብኚ የሆነው የእህቴ ልጅ ነው።

"ታዲያ ለምን አትደውልበትም?" አልኩት።

"ጋሼ፣ ደቂቃው ውድ ነው። አሁን ደግሞ ተራው ሞባይል ገደሉ ሥር ድረስ ይሠራል፤ ያውም በርካሽ" ብሎ መልሶ ቦርሳው ውስጥ ከተተው።

በደርግ ጊዜ ከዚሁ ከአንኮበር ከተማ ከጎረቤላ ደብረ ብርሃን የሚያስደውል አንድ መስመር ብቻ ነበር። አንድ ቃል ብትናገርም የሦስት ደቂቃ ትከፍላለህ። ስለዚህ ሦስት ቤተሰብ ያዋጣና የሁሉንም መልእክት የሚያደርስ አንድ ፈጣን ተናጋሪ ስልክ ቤት ያስገባል።

ብዙ ጊዜ የምገባው እኔ ነበርኩ። ሚስቴ እስከ ዛሬ ቀስ ብለህ አውራ ትለኛለች።

ወረፋው የሰለቸው መልእክቱን ደብረ ብርሃን ለሚመላለሰው የአውቶቡስ ሾፌር ለጋሽ ሽፈራው ይነግራል። እሱ በነጻ ያደርሳል፤ በማግስቱም መልሱን ይዞ ይመጣል።

በኋላ ሁለተኛ መስመር ገባ፤ ክፍያውም በደቂቃ ሆነ። ጋሽ ሽፈራውን የሚፈልገው ጠፋ።

"እንኳን ተገላገልክ" አልኩት አንድ ቀን።

"ተገላገልኩ" አለኝ። "ግን ድሮ ማን እንደወለደች ከአባትየው በፊት የምሰማው እኔ ነበርኩ። አሁን ክርስትናው ካለፈ በኋላ ነው የምሰማው።"

እናንተ አገርስ ስልክ ሲረክስ ወሬ የቀረበት ማን ነበር?