ከባሕር ማዶ የመጣ ሳንቃ

በኔግሮስ ደሴት፣ ባሕሩ ዳር ባለው ኮሌጅ ግቢ ውስጥ የዶርቃ ቤት የሚባል ባለ አንድ ፎቅ የሴት ተማሪዎች ማደሪያ ነበረ። ስሙ ለድሆች ልብስ ትሰፋ ከነበረችው ከዚያች የኢዮጴ ደግ ሴት የተወሰደ ነው። በቤቱ ውስጥ ግን ለድሃ አንድ ቁልፍ እንኳ የተከለ ሰው ስለመኖሩ የሚያስታውስ የለም።

ኮሌጁን የመሠረቱት ሚሲዮኖች ቤቱን ሲሠሩ ሳንቃውን በመርከብ ከአሜሪካ አስመጡ። ሳንቃው ባሕሩን የሚያዩትን የፊት ክፍሎች አዳርሶ አለቀ። ከወጥ ቤቱ በላይ ላሉት የጓሮ ክፍሎች ቱጋስ የሚባለውን የአገሬውን እንጨት ከተራራ አስቆርጠው ጨረሱት። የሸንኮራ እርሻ ባለቤቶች ልጆች ፊት ለፊት፣ ሳህን አጥበው ምግባቸውን የሚያገኙት ከኋላ ተመደቡ፤ እንደዚያው ቀረ።

የቤቱ እናት ማናንግ ኦሲንግ ትባላለች፤ «ማናንግ» እንደ እኛ «እትዬ» ያለ የአክብሮት መጠሪያ ነው። ወደ ሰባ የተጠጋች፣ ባል ያላገባች፣ በባሕሩ በኩል ያለውን የማዕዘን ክፍል እንደ ርስት የያዘች ሴት ናት። የኋላዎቹን ተማሪዎች «የጭስ ልጆች» ትላቸዋለች። እሷ ራሷ የዓሣ ነጋዴ ልጅ ናት፤ ይህን ግን ጮክ ብሎ የሚናገር የለም።

በፎቁ ላይ በጫማ መርገጥ ክልክል ነው፤ ልጆቹ በባዶ እግር ሲሄዱ ካልሲ የምታደርገው ኦሲንግ ብቻ ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቹ ግማሽ የኮኮናት ልጣጭ በእግራቸው እየረገጡ ወለሉን ፊት እስኪያሳይ ይፈትጉታል። በፊት ለፊቶቹ ክፍሎች ሲሄዱም ሳንቃው ከተሸካሚው እንጨት ጋር በተመታበት የምስማር መስመር ላይ ብቻ ነው፤ ከመስመሩ ሲወጡ ሳንቃው ይረግባልና። ኦሲንግ ይህን የጨዋ አረማመድ ብላ ታስተምረው ነበር።

«ማናንግ፣ እዚህ ጋ ዱቄት ይወርዳል» አለቻት አንድ ቅዳሜ ጆቨሊን የምትባል የኋላ ልጅ።

«ሰም ጨምሪበት።»

«ምስጥ ነው እኮ።»

«ምስጥ የሚያውቀው የእናንተን ጎጆ ነው። ይህ ሳንቃ የበቀለው አሜሪካ ነው።»

«እንግዲያው ለምስጡ አልነገሩትም ይሆናል።»

ብዙም ሳይቆይ ኮሌጁ ቤቱ ይታደስ ወይስ ይፍረስ የሚለውን እንድትወስን ሳሉድ የምትባል ሴት ላከ። የሕንፃዎቹ ኃላፊ ናት፤ በተማሪነቷ ከወጥ ቤቱ በላይ ኖራለች። ይህን በሰማችበት ሌሊት ኦሲንግን እንቅልፍ አልወሰዳትም። ቤቱ ከፈረሰ የሚቀራት የወንድሟ ቤት ነው፤ የወንድሟ ሚስት ደግሞ አሳማ ታረባለች።

ሳሉድ ከአናጢ ጋር መጣች፤ ጫማዋን አውልቃ ገባች። አናጢው መዶሻውን ሲያወጣ ኦሲንግ ፊቱ ቆመች።

«እዚህ ወለል ላይ መዶሻ አይወርድም።»

«ካልተንኳኳ በምን ይታወቃል ማናንግ?» አለች ሳሉድ።

«በዓይን ነዋ። መስታወት ነው። አንቺማ በዚህ በኩል ስላልኖርሽ አይፈረድብሽም።»

«ልክ ነው። እዚህ የገባሁት ለመፈተግ ብቻ ነው።»

ይህ ትሕትና ኦሲንግን የባሰ አናደዳት። ለሠላሳ ዓመት ያስተማረችውን አረማመድ ረስታ ወደ ክፍሉ መሃል ገባችና «ይኸው» ብላ በተረከዟ መታችው። ሳንቃው እንደ ብስኩት ተፈረፈረ። እግሯ እስከ ጉልበቷ ሰመጠ። ታች በመመገቢያው ክፍል ሩዝ በደረቅ ዓሣ ይበሉ የነበሩት ልጆች ከጣሪያ የወረደ እግር አዩ።

«ማን ናት?» አለች አንዷ።

«ባለ ካልሲዋ ናት። ማናንግ ናቸው።»

ወንጌል በኖራ ስለ ተለሰነ መቃብር ይናገራል፤ ይህኛው የተለሰነው በሰም ነበር። ጆቨሊን ከጓሮ ሮጣ መጥታ በደረቷ ተኛችና የኦሲንግን ክንድ ይዛ ጎትታ አወጣቻት። ኦሲንግ አላመሰገነችም፤ ቀሚሷን አራገፈች።

አናጢው አሁን የሚከለክለው አልነበረም። የፊቱ ክፍል ሁሉ ባዶ ድምፅ ሰጠ። የጓሮው ላይ ሲደርስ መዶሻው ነጥሮ ተመለሰ።

«ቱጋስ ነው» አለ። «ምስጥ ለጥርሱ ይሳሳል።»

የፊቶቹ ክፍሎች እንዲፈርሱ፣ የጓሮዎቹ እንዲቀሩ ተወሰነ። «ማናንግ፣ ከኋላ ክፍል አለ» አለች ሳሉድ። «የኔ የነበረችው። እስከ ዕድሜ ልክዎ።»

«ወንድሜ ጋ እሄዳለሁ።»

«አሳማዎቹ ጋ?» አለች ጆቨሊን።

በሳምንቱ ግን የኦሲንግ አልጋ ወደ ጓሮ ተወሰደ። ጭሱ አፍንጫዋን ሲነካት ተነጫነጨች፤ ወለሉ ጠቆረ፣ መስኮቱ ጠበበ አለች። የምትሄደውም ምስማር እየፈለገች፣ ግድግዳ ግድግዳውን ነበር።

የጭስ ልጆች ለአንድ ሳምንት ያህል አዩዋት።

«በመሃል ይሂዱ ማናንግ» አለቻት ጆቨሊን፣ የኮኮናቱን ልጣጭ በእግሯ እየገፋች። «ይህ ይችልዎታል።»

«ይችላል፣ ምን ምርጫ አለው» አለች ኦሲንግ። ከዚያ ግድግዳውን ለቀቀች፣ እግሯን ቀስ ብላ ከመሃል አሳረፈች፤ ጥቂት ጠበቀችና ሁለተኛውን አስከተለች።