ጨው በዝቶበታል

የታሰርንበት ክፍል ቀድሞ የእህል መጋዘን ስለነበር ብናኙ ያስነጥስ ነበር። ሦስት ሆነን ገባን፤ እኔ፣ አባቴና ጎረቤታችን።

ጦርነቱ ከተማችን ሲደርስ ሁለቱ ቤተሰቦች አንዲት ባልቴት ጓሮ ተደብቀን ነበር። ታላላቅ ወንድሞቻችን ጫካ ገብተዋል ተብሎ እናቶቻችንም ይፈለጉ ነበር። እኛ ውሃ ፍለጋ ወጥተን ተያዝን። የሚጠይቁን አንድ ነገር ነው፤ ሴቶቹና ልጆቹ የት ናቸው?

እዚያ ጓሮ ሳለን ሥራዬ ሁለቱን አባቶች ማወዳደር ነበር። ጎረቤታችን ሲያስለው አፉን በጋቢ የሚያፍን፣ ልጆቹን በዓይኑ ብቻ ዝም የሚያሰኝ ሰው ነው። የአባቴ ምላስ አያርፍም፤ ሆዱንም ይወዳል። በዚያ ጭንቅ እንኳ እናቴን ዛሬ ምን ሠራሽልን ይላት ነበር። ስንታሰር ያልተማመንኩት በአባቴ ነው። ማን ቀድሞ ይሸነፍ ይሆን እያልኩ ሁለቱንም ሰርቄ አያቸው ነበር።

እስር ቤቱ አያበላም፤ ስንቅ የሚያመጣው ቤተሰብ ነው። ስንቅ ያመጣን ሰው ደግሞ ተከትለው ቤቱን ይደርሱበታል። ስለዚህ ሌሎች እስረኞች በሚያካፍሉን ቁራሽ እንውል ነበር።

አንድ ቀን ጠባቂው ሳህን ይዞ ገባ። አንዲት ሴት አምጥታላችሁ በር ላይ ቆማለች አለ። ክዳኑን ሲያነሳው አወቅሁት፤ የእናቴ ምስር ወጥ ነው። አንጀቷ አልችል ብሏት ነው። ጎረቤታችንም አወቀ፤ ያ ኮስታራ ሰው ከንፈሩ ተንቀጠቀጠና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ጠባቂው አየው።

አባቴ ቆረሰ፣ አጠቀሰ፣ ቀስ ብሎ አላመጠ። ፊቱን አጨማደደ።

«ጨው በዝቶበታል። የኔ ሚስት እንዲህ አትሠራም። የሰው ምግብ ነው፣ ልጄ፤ መልስላት» አለው ጠባቂውን።

«ያኛው ምን ሆኖ ነው?» አለ ጠባቂው ወደ ጎረቤታችን እያመለከተ።

«ምግብ ሲያይ ሆድ ባሰው። ርቦናል እኮ።»

ሳህኑ ተመለሰ። ያመጣችው ባልቴቷ ነበረች፤ የወንድሜ ልጅ እዚህ ያለ መስሎኝ ነው ብላ ሄደች። ጨው በዛበት መባሉን ከባልቴቷ ስትሰማ፣ እናቴ ማስጠንቀቂያ መሆኑ ወዲያው ገባት፤ በዕድሜዋ ጨው አብዝታ አታውቅም። እናቶቻችን ልጆቹን ይዘው ሌላ ቦታ ሄዱ። ጎረቤታችን በዚያ ቀን ጋቢውን አውልቆ አባቴን አለበሰው። ቆይተው ምንም ሲያጡብን ለቀቁን።

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ ሁለቱም ቤተሰቦች በሱዳን በኩል አሜሪካ፣ አትላንታ ገባን። እኛ ዲኬተር፣ እነሱ ከጎኑ አቮንዴል እስቴትስ የሚባል ሰፈር ተቀመጥን፤ እሁድ እሁድ አብረን እንበላለን። አንድ እሁድ እናቴ ደብል ሺፍት፣ ሁለት ፈረቃ ሙሉ፣ ሠርታ ደክሟት ስለነበር ወጡ ላይ ጨው ደገመችበት። የሚዋጥ አልነበረም። ትንሹ ወንድሜ «ማሚ፣ ዛሬ ቱ ማች...» ብሎ ሲጀምር ጎረቤታችን በጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጠው።

እናቴ አባቴን አየችው። «በዛ እንዴ?»

«ኧረ ልክ ነው» አለና ሳህኑን ጠራረገው።

የትኛው አባት ጠንካራ ነው የሚለውን ጥያቄ ከዚያ ወዲህ ትቼዋለሁ። ማዕድ ላይ ጨምሩልኝ ብሎ የማያውቀው ጎረቤታችን ሳህኑን ዘረጋላት።

«እስቲ ጨምሪልኝ፣ እህቴ» አለ።