ወረቀት ያስረጃት ልጅ

ሥርጉት ቢቸና ፍርድ ቤት በር ላይ፣ ከባሕር ዛፉ ጥላ ሥር አንድ ጠረጴዛና ሁለት በርጩማ አስቀምጣ ለባለጉዳይ ማመልከቻ የምትጽፍ ሴት ናት። ዕድሜዋ ከኀምሳ አልፏል። አባቷ የቅኔ መምህር ስለነበሩ የእጅ ጽሑፏ እንደ ብራና መጽሐፍ ያምራል፤ ምላሷ ግን ከብዕሯ ይፈጥናል። ዐሥራ ሁለት ዓመት ሞጣ ላይ ስትጽፍ ኖራ፣ እኅቷ ስለታመመችባት ባለፈው ዓመት ወደ ቢቸና መጣች። ጠበቃ አይደለችም። ሕጉን ግን ታውቃለች፤ የማታውቀውንም የምታውቅ መስላ ስትናገር ማንም አይነቃባትም። ማመልከቻዋን ሁሉ የምትዘጋው በአንድ ተረት ነው፦ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።» ዳኞቹ እንኳ ይህችን መስመር ሲያዩ የማን ጽሑፍ እንደሆነ ያውቃሉ።

ሰኞ ጠዋት ከሞጣ የመጣች አንዲት ሴት ነጠላዋን አገልድማ ፊቷ ቆመች። ስሟ ይርጋነሽ ይባላል። ዓይኗ ከለቅሶ ብዛት አብጧል።

«ልጄን አሰሩብኝ፣ እትዬ። ውበቴን። እዚሁ ቢቸና ሰው ቤት ተቀጥራ ነበር። የባለቤቲቱ ወንድም በቀበቶ ሲገርፋት ዘነዘና አንሥታ ጭንቅላቱን መታችው። ሰውዬው አልሞተም። እሷን ግን ከትልልቅ ሴቶች ጋር አስረዋታል። ሰው ሁሉ አንቀጽ፣ ተጠርጣሪ፣ ዋስትና እያለ ያወራኛል፤ አንዱም አይገባኝ።»

ሥርጉት በርጩማውን ገፋ አደረገችላት። እንዲህ ያለ ጊዜ ደስ ይላታል፣ አይካድም፤ የሕግን ቋጠሮ ለጨነቀው ሰው እየፈታች ስታሳይ ጀርባዋ ራሱ ይቃናል።

«ተቀመጪ፤ አትርበትበቺ። ከዘጠኝ ዓመት በታች ያለ ልጅ ምንም ቢያደርግ በወንጀል አይጠየቅም። ከዘጠኝ እስከ ዐሥራ አምስት ያለው ‹ወጣት አጥፊ› ይባላል። ስሙ አያስደንግጥሽ፤ ሕጉ እንደ ልጅ ያየዋል ማለት ነው። ከአዋቂ ጋር አይታሰርም፤ ጉዳዩም ሰው በማይገባበት ዝግ ችሎት ይታያል። ዳኛው ለወላጁ ሊመልሰው ይችላል፤ ካልሆነም ጠባይ ማረሚያ ያስገባዋል። ከዐሥራ አምስት ሲያልፍ ነው ቅጣቱ ወደ አዋቂው የሚጠጋው። ከዐሥራ ስምንት በላይማ ያው እንደ እኔና እንዳንቺ ነው። ስንት ዓመቷ ነው?»

«በሚያዝያ ጊዮርጊስ ዐሥራ አራት ሞላት።»

«እንግዲያማ ምን ያስለቅስሻል! ፖሊሶቹ ተሳስተዋል። አንድ ገጽ እጽፍልሻለሁ፤ ልጅሽን ከዚያ ክፍል ያወጧታል። ካላወጧት ሥርጉት አትበዪኝ። የክርስትና ወረቀት አላት?»

«በሰማንያ ቀኗ ነው ያስነሣኋት። ቄሱ ግን አልጻፉትም፤ በእኛ አገር ማን ይጽፋል?» አለችና ይርጋነሽ ከጉያዋ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። «ከመዝገቡ ኮፒ አድርገው ይህን ሰጥተውኛል።»

ሥርጉት መነጽሯን አደረገች። የመጀመሪያው ገጽ የክስ ወረቀት ነበር፦ ከባድ የአካል ጉዳት ማድረስ፤ የተከሳሽ ዕድሜ፣ ሃያ። «ሃያ?» አለችና ሣቀች። «የትኛው ዕውር ነው ሃያ ያላት?» ሁለተኛው ገጽ የቀበሌ መታወቂያ ነበር፤ በእሱ ካለው የትውልድ ዘመን ቢቆጠርም ሃያ ይመጣል። ሦስተኛው መታወቂያው የወጣበት ማመልከቻ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ሞጣ ላይ ተጽፏል። «ልጄ ውበቴ ይግዛው ዕድሜዋ ዐሥራ ስምንት ዓመት የሞላ ስለሆነ፣ ጋብቻዋ እንዳይከለከል…» ይላል። ፊደሉ ያምራል። ግርጌው ላይ ደግሞ፦ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።

ሥርጉት ወረቀቱን ገልብጣ ጀርባውን አየች፤ ጀርባው ሌላ ነገር የሚል ይመስል። መልሳ ገለበጠችው። እጇ ነው፤ ጽሑፉ የራሷ ነው። የአባትየውን፣ የይግዛውን መልክ ለማስታወስ ብትሞክር ምንም አልመጣላትም። በጥር ዋዜማ የሠርግ ወራት ሲደርስ አባቶች በገበያ ቀን ይሰለፉ ነበር፤ «የሴቶች ጉዳይ ቢሮ እንዳያስቸግረን ዕድሜዋን ከፍ አድርጊልን» ይሏታል፣ እሷም ከፍ ታደርጋለች። ልጆቹን አታያቸውም። አገሩ ሁሉ ያደርገዋል፣ ማን ይጎዳል ትል ነበር። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባል የለ? ሥርጉት ጭራሽ መውጋቷንም አላወቀችም።

«አባቷ ነው ያስጻፈው፤ ነፍሱን ይማረውና» አለች ይርጋነሽ። «ለሠርጓ ሦስት ቀን ሲቀር ጠፋች። እዚህ መሆኗን የሰማሁት ስትታሰር ነው። ምነው፣ አመመዎ?»

«አላመመኝም» አለች ሥርጉት። ወረቀቶቹን አጣጥፋ መለሰችላትና ነገ ባለው ችሎት አብሬሽ እገባለሁ አለቻት። 

በማግስቱ ችሎቱ ሰው ሞልቶበታል። የአዋቂ ክስ ነውና በሩ ለሁሉም ክፍት ነበር። ሥርጉት ከይርጋነሽ ጋር ኋላ ተቀምጣለች። ማመልከቻውን አልጻፈችውም፤ ሌሊቱን ሙሉ ሦስት ጊዜ ጀምራ ሦስት ጊዜ ቀደደችው። የራሷን ወረቀት ሐሰት ነው ብላ ብትጽፍ ራሷ መከሰሷ ነው፤ ዝም ብትል ደግሞ ልጅቷ እንደ ሃያ ዓመት ሴት ትፈረድባታለች።

«ተከሳሽ ትቁም» አሉ ዳኛው፣ ዓይናቸውን ከመዝገቡ ሳያነሡ።

ማንም ሲነሣ አልታየም። ዳኛው ቀና አሉ። «ተከሳሽ ትቁም አልሁ እኮ!»

«ቆሜያለሁ፣ ጌታዬ» አለ አንድ ቀጭን ድምፅ።

ቆማ ኖሯል። ከፊቷ ያለው የእንጨት አጥር ውጧት ከግንባሯ በቀር ምንም አይታይም።  ሥርጉት ከሁለት ዓመት በፊት ዐሥራ ስምንት ሞላት ብላ የጻፈችባት ፍጡር ይህች ናት!

ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ። «ዕድሜሽ ስንት ነው፣ ልጄ?»

ልጅቷ ወደ ፖሊሱ፣ ከዚያ ወደ መዝገቡ አየች። «እኔ እንጃ። ወረቀቱ ነው የሚያውቅ።»

ሥርጉት መቼ እንደተነሣች አላወቀችም። «ወረቀቱ አያውቅም!» ብላ ጮኸች። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ወረቀቱ ውሸት ነው። የጻፍሁት እኔ ነኝ። ልጅቷን ዓይኔ ሳያያት ነው የጻፍሁት።»

ዳኛው የማመልከቻውን ግርጌ አዩ፣ ሥርጉትንም አዩ። ፈገግ አላሉም። የሥርጉትን ቃል አስመዘገቡ። ልጅቷ ዕድሜዋ በሐኪም እስኪታይ ከአዋቂዎቹ ክፍል ዛሬውኑ እንድትወጣ አዘዙ። ሥርጉትም ስለ ሐሰተኛው ሰነድ ቃሏን እንድትሰጥ ከፖሊሱ ጋር እንድትሄድ ተነገራት።

በሩ ላይ ይርጋነሽ ጠበቀቻት። ሥርጉት ትሰድበኛለች ብላ አንገቷን ደፋች፤ ብትሰድባት በወደደች ነበር። ይርጋነሽ ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀቻት።

«እትዬ፣ እንደኔ ልጅ ያሉትን ስንቱን ጽፈዋል?»

ሥርጉት ለመቁጠር ሞከረች። ዐሥራ ሁለት ጥር በዓይነ ልቡናዋ አለፈ፤ ሰልፉ፣ የገበያው አቧራ፣ የአባቶቹ ጋቢ። ከልጆቹ አንዲቱም ፊት የላትም።